እንጀራ ትቶ ቆጮ መብላት ስኳርን ይቀንሳል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሐዋሳ ሲሆን፣ አባቴ ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው በቅርቡ ታውቆ ሜትፎርሚን ጀምረዋል። «ጣፋጭ ይተዉ፣ ምግብዎን ይመጥኑ» ከመባላቸው በቀር መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ያስረዳን የለም። ዘመድ አዝማዱ እንጀራ እንዲተዉ ስለመከራቸው ጠዋት የቡላ ገንፎ፣ ምሳና ራት ቆጮ በጎመን ይመገባሉ። ስኳራቸው በባዶ ሆድ ሲለካ 130 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አካባቢ ሆኖ ሳለ ከምሳ በኋላ ከ240 ያልፋል። ሻይ እንኳ ያለ ስኳር እየጠጡ ይህ ጭማሪ ከየት ይመጣል?

መልስ፣ ከጤና ባለሙያ
ጭማሪው የመጣው ከቡላውና ከቆጮው ነው። ካርቦሃይድሬት የሚባለው የሚጣፍጠው ብቻ አይደለም፤ የእንሰቱም፣ የጤፉም፣ የበቆሎውም ስታርች አንጀት ውስጥ ተሰባብሮ ግሉኮስ፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚለካው ስኳር፣ ይሆናል። ቡላ ከእንሰቱ ተጨምቆ የሚዘቅጠው ክፍል በመሆኑ ስታርች ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቆጮ ፋይበር ስላለው ይሻላል፤ ሆኖም እንጀራን በእርሱ መተካት አንዱን ስታርች በሌላው መለወጥ እንጂ መቀነስ አይደለም።

የአባትዎን ምግብ ከጋራው ትሪ ለይተው በሰሃን ያቅርቡላቸው፤ ከትሪ የሚበላ ሰው፣ ጉርሻም ሲታከልበት፣ የበላውን መጠን ሊያውቅ አይችልም። የሰሃኑ ግማሽ ጎመንና ሌላ አትክልት፣ ሩቡ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ካርቦሃይድሬት የሌለው የሐይቃችን ዓሣ ቆሮሶ፣ የቀረው ሩብ ብቻ ቆጮ ወይም እንጀራ ይሁን። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ቢኖራቸውም ካርቦሃይድሬትም ስላላቸው፣ እነርሱ ሲቀርቡ እንጀራው ይቀነስ። አትክልቱንና ዓሣውን አስቀድመው ቢበሉ ከምግብ በኋላ ያለው ጭማሪ ይቀንሳል።

መልስ፣ ከሕመሙ ጋር ከሚኖር ሰው
እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሩብ ሰሃን ለሁሉም ሰው እኩል ስለማይሆን፣ መለኪያው ካላችሁ ምግብ ከመጀመራቸው በፊትና ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ የበሉትን ከቁጥሩ አጠገብ ጻፉ። ለአብዛኛው አዋቂ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ይፈለጋል፤ በዕድሜ ለገፉ ሐኪሙ ሊያላላው ይችላል። የጭማቂ ቤቱንም አትርሱት። አቮካዶው ራሱ ብዙም አያስከፋም፣ የሚጨመርበት ስኳር ነው እንጂ፤ የማንጎ ጭማቂ ግን ስኳር ባይጨመርበትም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ማርም «ተፈጥሯዊ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

መልስ፣ ከፋርማሲ ባለሙያ
ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ወደፊት ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ከታከለላቸው ግን ምግቡን በድንገት መቀነስም ሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም አደገኛ ስለሚሆን፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ከታየባቸውና ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ፣ 15 ግራም ገደማ ስኳር፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠው ይስጧቸውና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጡ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው።