በተቆረጠ ፍራፍሬ ላይ የባክቴሪዮፋጅ ርጭት ክሎሪንን ይተካል?

ጥያቄ፦ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ሜሎን፣ ፖምና ሰላጣ አጥቦና ቆርጦ ለሱቆች በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ በማጠቢያው ውሃ ውስጥ ያለውን የክሎሪን መጠን መከታተል የእኔ ኃላፊነት ነው። አንድ አቅራቢ በምግብ በኩል በሽታ የሚያመጡትን ሳልሞኔላና ሊስቴሪያ የተባሉ ባክቴሪያዎች የሚያጠቁ ባክቴሪዮፋጆች ያሉበት ፈሳሽ በቁራጮቹ ላይ ብንረጭ ከክሎሪን የተሻለ ውጤት እንደምናገኝ ነግሮናል። ፋጆች ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች እንደሆኑና የሰውን ሕዋስ እንደማይነኩ አንብቤአለሁ። ነገር ግን በ2011 ከኮሎራዶ በወጣ ሜሎን ላይ በተገኘ ሊስቴሪያ በ28 ግዛቶች 147 ሰዎች ታመው 33ቱ ስለሞቱ፣ በሻጭ ቃል ብቻ አሠራር መለወጥ አልፈልግም። ርጭቱ ለሁሉም ምርት እኩል ይሠራል? ክሎሪኑንስ ማቆም ይቻላል?

መልስ፦ የማይክሮባዮሎጂ መምህር

ለሁሉም ምርት እኩል አይሠራም፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2001 የታተመ ጥናት የሳልሞኔላ ፋጆችን ድብልቅ በተቆረጠ ሜሎንና በተቆረጠ ፖም ላይ ጎን ለጎን ፈትኗል። በ5 እና በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በተቀመጠው ሜሎን ላይ የሳልሞኔላው ብዛት ከ3,000 እጥፍ በላይ ሲቀንስ፣ በ20 ዲግሪ በተቀመጠው ላይ ቅነሳው ወደ 300 እጥፍ ገደማ ወርዷል። በፖሙ ላይ ግን በየትኛውም ሙቀት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ ፋጆቹም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገኙ እስከማይችሉ ድረስ ጠፍተዋል። የሜሎኑ ፒኤች (ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚያሳይ ልኬት) 5.8፣ የፖሙ ደግሞ 4.2 ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ አሲዱ ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል። በ2003 በሊስቴሪያ ላይ በተደረገው ተከታይ ሥራም ፋጁ ብቻውን በፖም ላይ እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አላመጣም፤ ኒሲን ከተባለው የባክቴሪያ መከላከያ ጋር ሲጣመር ግን በሁለቱም ፍራፍሬዎች ላይ ውጤቱ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ለሜሎኑ የቀረበላችሁን ማስረጃ ለፖሙ እንዳትጠቀሙበት።

መጠኑም ትኩረት ይፈልጋል። ፋጅ የሚራባው በሚያድግ ባክቴሪያ ውስጥ ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ ባክቴሪያው እድገቱን ስለሚያዘገይ ወይም ስለሚያቆም፣ ጥቂት ፋጅ ረጭቶ እስኪበዛ መጠበቅ አያዋጣም። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ከመጀመሪያው በፋጅ የመነካት ዕድል እንዲኖረው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን የሚደርስ ፋጅ ያስፈልጋል። ፋጅ እግርም ክንፍም የለውም፤ የሚጓዘው በእርጥበት ውስጥ ነው። ስለዚህ በሰላጣ ቅጠል ደረቅ ክፍል ላይ ያረፈ ወይም ከቅጠሉ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ያመልጠዋል።

ክሎሪኑን አታቁሙ። የክሎሪን ዋና ጥቅም በማጠቢያው ውሃ አማካይነት ብክለት ከአንዱ ፍራፍሬ ወደ ሌላው እንዳይዛመት ማድረግ ነው፤ ይህን ፋጅ አይሠራውም። ይሁንና ክሎሪን ፋጅንም ስለሚገድል፣ ርጭቱ መከናወን ያለበት ምርቱ ታጥቦና ተጠንፍፎ ካበቃ በኋላ ነው።

መልስ፦ የምግብ ደኅንነት ባለሙያ

በመምህሩ ገለጻ ላይ ስለ ፈቃዱ ልጨምር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በነሐሴ 2006 ስድስት የሊስቴሪያ ፋጆችን የያዘ ድብልቅ ለምግብነት በተዘጋጁ የሥጋና የዶሮ ውጤቶች ላይ እንዲረጭ ፈቅዷል፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች ምርቶች ተከትለዋል። ይህ ማለት ግን ለሥጋ የተፈቀደው ሁሉ ለሜሎን ተፈቅዷል ማለት አይደለምና፣ አቅራቢው የእናንተን ምርት በስም የሚጠቅስ ሰነድ ያቅርብ። በተጨማሪም ፋጆቹ ባክቴሪያውን ሁልጊዜ የሚገድሉ እንጂ በዘረ መሉ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ ዓይነት አለመሆናቸውን ጠይቁ። ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው አደገኛ ባክቴሪያ የሚያመነጨው የሺጋ መርዝ ዘረ መል ራሱ ወደ ባክቴሪያው የገባው በእንደዚህ ዓይነት ተደባቂ ፋጅ አማካይነት ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ሊታለፍ አይገባም።

መልስ፦ አንባቢ፣ አዲስ አበባ

ለትምህርቱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእኛ ከተማ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ ሰላጣና ቆስጣ ገበያ ላይ ይቀርባል። ይህ ርጭት በማሳ ላይ ቢደረግ ለእኛስ ይረዳ ይሆን?

መልስ፦ የማይክሮባዮሎጂ መምህር

ወንድሜ፣ ለማሳው አልመክርም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በቅጠል ላይ ያለውን ፋጅ በፍጥነት ያዳክመዋል። ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ፋጅ የሚያጠቃው የተወሰኑ ዝርያዎችን ብቻ ነው፤ ፍሳሽ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ጃርዲያና የጥገኛ ትላትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ጃርዲያና የትል እንቁላል ባክቴሪያ ስላልሆኑ ፋጅ ምንም አያደርጋቸውም። እዚያ ገንዘቡ መዋል ያለበት በውሃው ማጣራት ላይ ነው፤ በቤት ውስጥም ቆስጣውን አብስሎ መብላት ከማንኛውም ርጭት ይበልጣል።

መልስ፦ የጥራት ተቆጣጣሪ፣ ሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፖሙንና ሰላጣውን ከዕቅዱ አውጥቼ በሜሎን ብቻ ሙከራ እንዲደረግ ለኃላፊዬ አቀርባለሁ፤ ርጭቱም ከክሎሪን እጥበቱ በኋላ ይሆናል። አቅራቢው በፈቃዱ ላይ ሜሎንን የሚጠቅስ ሰነድ ካላመጣ ሙከራውም አይጀመርም። ከወለላችንና ከመቁረጫ ማሽኖቻችን በየጊዜው የምንሰበስባቸውን የሊስቴሪያ ናሙናዎች ልከንለት ድብልቁ እነሱን መግደል አለመግደሉን አስቀድሞ እንዲያሳየን እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የማይክሮባዮሎጂ መምህር

ትክክል ነው። ናሙናዎቹን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በየጥቂት ወሩ ላኩ፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሚቆይ ሊስቴሪያ ከጊዜ በኋላ ፋጁን ሊቋቋም ይችላል፤ ያን ጊዜ ድብልቁ መቀየር ይኖርበታል።