ክርክር፦ ፊታውራሪ መሸሻ የኮሩት ፈርተው ይሆን?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። አእምሮ ሕመሙን ላለማየት ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ አለ ይባላል። የልብ ወለድ ሰው የሚነዳው በዚህ ነው ካልን ታሪኩ ይጠልቃል ወይስ ይደርቃል? መነሻችን የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሁን፤ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የሥነ ልቦና መምህሩ፦ ይጠልቃል እንጂ! የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1894 አነሳው፤ ልጁ አና በ1936 በመጽሐፍ አሰባሰበችው። እኛ ግን ስሙን ሳናውቅ ስናወራው ኖረናል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ምንድነው? አለቃው የጮኸበት ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁ ላይ ሲጮህ ነው። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም»ስ? የራስን ጉድ ሌላው ላይ መለጠፍ። እስቲ ፊታውራሪን በዚህ እዩዋቸው። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለትዳር የጠየቀውን ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ መለሱ። እኔ እዚያ ውስጥ ኩራት ብቻ አይታየኝም። ዘመን ጥሎት የሚሄድ ሰው ፍርሃት ይታየኛል።

አንጋፋው አንባቢ፦ መምህር፣ ይቅርታዎን፣ አልተዋጠልኝም። ሰውየው ዘር የሚቆጥሩት ሁሉም በሚቆጥርበት አገር ነው። ከተለመደው በላይ አምጣ ሲሉት እምቢ ባለው ገበሬ ላይ ዘመቱ፤ በገበሬ ተማረኩ። ይሄ የሥልጣን ጉዳይ ነው፣ ክሊኒክ የሚያስገባ ነገር የለውም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የተቹት ሥርዓቱን ነው። ሁሉንም «ቁስል አለበት» ካልን ጨቋኙን አስታማሚ ልናዝለት ነው!

ተማሪው፦ ጋሼ እውነት አላቸው። ሰብለን የወደደውን በዛብህንም እዩት። ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ሰብለን መውደዱ የሚያስጨንቀው ስለቱ ስላለበት ነው። ይሄንን ሰበብ ፍለጋ ካልነው እምነቱን ሰረዝንበት።

የሥነ ልቦና መምህሩ፦ በበዛብህ ረታኸኝ። ስለቱን ከልቡ ያምንበታል። በፊታውራሪ ግን አልለቅም። መደበቂያውን ጥግ ማኅበረሰቡ ያዘጋጅላቸው እንጂ የሚደበቁት እሳቸው ናቸው። ደግሞ አንርሳ፤ ይሄ ዘዴ የሚሠራው ሰውየው ሳያውቀው ነው። እያወቀ ካደረገው ተራ ውሸት ነው። ብዙ ጸሐፊ የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ደራሲዋ፦ ኧረ እኔ ራሴ ስቼዋለሁ። አጭር ልብ ወለድ ጽፌ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት እሁድ እሁድ ማታ ጫማውን ትወለውላለች፣ ቀለም ትቀባዋለች። ጎረቤቷ ድንገት ገብታ ስታያት «ቆዳው እንዳይደርቅ ብዬ ነው» ትላለች። በቃ፣ ይቺው ናት። አንድ ሥልጠና ላይ ሳነበው «ሞቱን አልተቀበለችም የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት» ተባልኩ። ጨመርኩ። ለዛው ጥፍት አለ።

ተማሪው፦ እህቴ፣ አንባቢው ባይገባውስ?

ደራሲዋ፦ አይግባው! ጎረቤቷም እኮ አልገባትም።

አንጋፋው አንባቢ፦ በዚህስ አልከራከርሽም፣ ልጄ። ዓረፍተ ነገሩን አውጪው። ጫማው ግን መጨረሻው ምን ሆነ?

ደራሲዋ፦ አውጥቼዋለሁ፣ ጋሼ። ጫማውን ለባሏ ወንድም ልትሰጥ በፌስታል ይዛ ወጣች። ግቢው በር ደርሳ ተመለሰች። «ቁጥሩ አይሆነውም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። የወንድምየውን ቁጥር ጠይቃ አታውቅም።