አረንጓዴ የሠራ የማካሮቭ ጥይት፦ አረሩን ነቅሎ በሌላ ቀለሃ መክተት ይቻላል?

ቆጪ ሰፈር፦
ሰላም ለቤቱ። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ ነው፣ ጥይቱ 16፣ ማለትም ሁለት ካዝና ሙሉ። ክረምቱን እዚህ ጅማ ከነቆዳ ማህደሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ አሁን ሲታይ የስድስቱ ጥይት ቀለሃ አፉ ዙሪያ አረንጓዴ ሠርቷል። ቀለሃው ናስ ነው። አረሩ ግን እንዳለ ነው፣ ያብረቀርቃል። አንድ ወዳጄ «አረሩን በጉጠት ነቅለህ በንጹሕ ቀለሃ መክተት ነው፣ ባዶ የ9 ሚሊሜትር ቀለሃ እኔ ጋ ሞልቷል» ይለኛል። ውጭ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ ይሠራዋል ሲባልም ሰምቻለሁ። ያስኬዳል? ካላስኬደስ አረንጓዴውን በምን ላጽዳው? በናፍጣ?

ብረት ነክ፦
አያስኬድም ወንድሜ። ሕጉን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ልኩን እንይ።

ወዳጅህ «9 ሚሊሜትር» የሚለው ቀለሃ የ9 በ19 ይመስለኛል፣ ፓራቤለም የሚባለው ጥይት፣ ባጭሩ የፓራው። ያንተ 9 በ18 ነው። ስማቸው ቢመሳሰልም የማካሮቭ አረር ወርዱ 9.27 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ የፓራው 9.02 አካባቢ። ሩብ ሚሊሜትር ለዓይን ምንም ነው፣ ለበርሜል ግን ብዙ ነው። ሰፊውን አረር በጠባቡ ቀለሃ ካስገደድከው አንገቱ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። ጠባቡን በሰፊው ብትከት ደግሞ የሚይዘው ስለሌለ ካዝና ውስጥ ሲገፋ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ቢተኮስም የበርሜሉን ጥምዝ በደንብ አይዝም፣ የትም ይሄዳል።

ማካሮቭ ደግሞ የሚቆልፍ ነገር የለውም። ተኩሱን የሚችለው የስላይዱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ግፊቱ ከልክ ካለፈ ስላይዱ ቀድሞ ይከፈትና ቀለሃው እጅህ አጠገብ ይፈነዳል።

ውጭ አገር በፈቃድ ቤታቸው የሚሞሉት ሰዎች እኮ አረር ሲመርጡ በማብረቅረቁ አይደለም። በመጀመሪያ ወርዱ ነው። መዳብ የለበሰ ከሆነ ልክ የበርሜሉን ያህል፣ ራቁት እርሳስ ከሆነ ከዚያ በ0.025 ሚሊሜትር ገደማ ሰፋ ያለ። እርሳሱ ከጠበበ ትኩሱ ጋዝ በጎኑ እያለፈ ያቀልጠውና በርሜሉን እርሳስ ይለስነዋል። ከዚያ ክብደቱ። ለፓራው የተለመዱት 7.5፣ 8 እና 9.5 ግራም ናቸው፣ የማካሮቭ 6 ግራም ገደማ ነው። ከባዱ አረር ረጅም ስለሆነ ቀለሃው ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወጣል። ስለዚህ ለአንዱ አረር የተመዘነ ባሩድ ለሌላው አይሆንም። ቅርጹም አለ። የቆዩ ሽጉጦች የተሠሩት ጫፉ ክብ ለሆነው ነው፣ ጫፉ የተቦረቦረውን ሲያጎርሱ ብዙ ጊዜ ይነክሳሉ።

በጉጠት የተነቀለ አረር ደግሞ ጎኑ ይጫራል፣ ሊጠብም ይችላል። ባሩዱስ? የማን ባሩድ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ ሳታውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። ካፕሱሉንስ፣ ከቀለሃው ሥር መርፌው የሚመታውን፣ ምን ልታደርገው ነው?

አሁን ሕጉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ጥይት ያለ ፈቃድ መሥራት ክልክል ነው። የመያዝ ፈቃድህ የመሥራት ፈቃድ አይደለም።

የሂርማታው፦
ብረት ነክ የጨረሰውን አልደግምም። እኔ ወደ አረንጓዴው።

ናፍጣም፣ ላምባም፣ ደብሊው ዲ 40ም እንዳይነካው። ቀጭን ዘይት በካፕሱሉ ዙሪያ ሰርጎ ይገባና ጥይቱን ያከሽፈዋል። የባሰው ደግሞ ግማሹን አበላሽቶ ግማሹን ሲተወው ነው፣ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ብራሶ የሚባለው የናስ መወልወያም አይሆንም፣ አሞኒያ አለበት፣ አሞኒያ ናስ ይሰነጥቃል። በእንግሊዞቹ ዘመን ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ አጠገብ የተቀመጠ ጥይት ቀለሃው እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር፣ ምክንያቱ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ነው። እኛም አገር ከከብት በረት ወይም ከዶሮ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ያው ነው።

ስለዚህ ደረቅ፣ ሻከር ያለ ጨርቅ ያዝና አንድ በአንድ እሸው። ካዝና ውስጥ እንዳለ አይደለም፣ አውጥተህ፣ መስኮት አጠገብ፣ በብርሃን። አረንጓዴው ተጠርጎ ከሥሩ ናሱ ለስላሳ ሆኖ ከወጣ ጥይቱ ደህና ነው። ከሥሩ በጥፍርህ ጫፍ የሚያዝ ጉድጓድ ካለ ከቁጥር አውጣው። አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ከደረጃው ወጣ ያለ ካፕሱል፣ በጣት ሲጠመዘዝ የሚዞር አረር፣ እነዚህም ከቁጥር ውጭ ናቸው።

ጥፋተኛው ግን ክረምቱ ብቻ አይደለም፣ ቆዳው ነው። የተለፋ ቆዳ ውስጥ አሲድ ይቀራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ናስ ይበላል። ማህደሩ ለመያዣ እንጂ ለማከማቻ አይደለም።

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ በጋው አጭር ነው፣ እሱን ተጠቀምበት። ክዳኑ ላስቲክ ያለው ቆርቆሮ ወይም የሚጠመዘዝ ማሰሮ ግዛ፣ በታኅሣሥ ወይም በጥር እኩለ ቀን ላይ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ሞልተህ ዝጋ። አዲስ ጫማ ውስጥ የሚገኘውን የሲሊካ ከረጢት ሰው በቀጥታ ይከታል፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ፍሬውን ከከረጢቱ አውጥተህ በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያህል ምድጃ ውስጥ አድርቀው፣ በጨርቅ ቋጥረህ ክተተው። ሰማያዊው ዓይነት ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል፣ ያኔ እንደገና ታደርቀዋለህ። ጨው ለማድረቂያ የሚያስቀምጡ አሉ፣ ተዉት በሏቸው፣ ዝገት ነው የሚጠራው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ላይም አይቀመጥም። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ያልበዋል።

ቆጪ ሰፈር፦
አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። ጠረግኳቸው። አራቱ ጠሩ፣ ሁለቱ ጉድጓድ አላቸው። ከጋራዥ ካሊፐር ተውሼ የሁሉንም ጥይት ርዝመት ለካሁ። አሥራ አምስቱ 24.7 እና 24.8 ሚሊሜትር ናቸው፣ ከጠሩት መካከል አንዱ ግን 24.1 ሆነ። ስህተት ይሆን?

ብረት ነክ፦
ስህተት አይደለም። ማታ ማታ ያጎረስከውን አውጥተህ ጠዋት ያንኑ ጥይት መልሰህ ታጎርሳለህ አይደል? ስላይዱ ሲመታው አረሩ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ወደ ቀለሃው ይሰምጣል። ቅድም ስለ ባሩዱ ቦታ ያልኩት እዚህም ይሠራል፣ አረሩ በሰመጠ ቁጥር ግፊቱ ይወጣል። እሱንም ከሁለቱ ጋር ለያቸው። ስቦ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ከካዝናው ቀድሞ የሚጎርሰውን ጥይት እያፈራረቅክ አስቀምጥ፣ በየጥቂት ሳምንቱም ለካ።

የሂርማታው፦
የለየሃቸውን ሦስት ጥይቶች ሽንት ቤት ወይም እሳት ውስጥ አትጣል፣ ፈቃድህን ላወጣህበት ፖሊስ ጽሕፈት ቤት አስመዝግበህ አስረክብ።

ስለ ግማሽ የተበላሸ ጥይት ያልኩት ይኸው። ምላጩ ተስቦ ካልተኮሰ ወዲያው ስላይዱን አትሳብ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል። አፈሙዙን ወደ አፈር አድርገህ 30 ሰከንድ ቁጠር። ተኩሶ ድምፁ «ፉፍ» ብሎ ከቀረ ደግሞ አረሩ በርሜል ውስጥ ተሰንቅሮ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛውን ብትተኩስ በርሜሉ ይቀደዳል። ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ስበህ ባዶ መሆኑን በዓይንህ አረጋግጥ፣ ከዚያ ፈታተህ በርሜሉን በብርሃን እይ።

ጂረን ዳገት፦
አንድ ነገር ቀረ። የቆየ የሶቪየት ወይም የቻይና ጥይት ከሆነ ካፕሱሉ ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ጨው የሚተው ሊሆን ይችላል። ጨዉ ከአየሩ ውሃ ይስባል፣ በዚህ አገር እርጥበት በማግስቱ ዝገት ታያለህ። ዘይት ጨው አያሟሟም፣ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ። ስለዚህ ሽጉጡን ባዶ መሆኑን አይተህ ፍታ፣ በርሜሉን በፈላ ውሃ አጥበህ በደንብ አድርቅ፣ ከዚያ ነው ዘይቱ፣ እሱም ስስ ተደርጎ። ካዝናውን ግን ዘይት አትቀባ፣ ጥይቱን ያገኘዋል።