የ1938 በርሜል በ1915 አካል ላይ፦ የሞሲን ናጋንት ጠመንጃዬ መቼ ተገጣጠመ?

እዚህ አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ የገዛሁት ሞሲን ናጋንት 91/30 የተባለ የሶቪየት ወታደራዊ ጠመንጃ አለኝ። በርሜሉ ላይ የኢዥዬቭስክ ፋብሪካ ምልክት፣ ማለትም በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቀስት፣ ከ1938 ዓመት ጋር ተመትቷል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በርሜሉ የተጠመደበት የብረት አካል ግን ባለ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ይህ ቅርጽ ደግሞ በ1930ዎቹ አጋማሽ በክቡ ተተክቷል። እንጨቱን አውልቄ የአካሉን ጅራት (ወደ ኋላ የሚዘልቀውን ክፍል) ከሥር ሳየው 1915 ይላል። የዛር ዘመን ብረት እጄ ላይ መሆኑ በጣም አስደስቶኛል፤ ታሪኩን በትክክል መመዝገብ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ጠመንጃው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት መጋዘን መታደሱ ግልጽ ነው። በርሜሉ ላይ የእድሳት ምልክት የሆነው ሰያፍ መስመር ያለፈበት አራት ማዕዘን አለ፤ እንጨቱ የድሮ ጭረቱን እንደያዘ ቀላ ባለ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ የካዝናው ክዳን የቀድሞ ቁጥር ተሰርዞ አዲስ ተመትቶበታል፤ የመቀርቀሪያው ቁጥርም በኤሌክትሪክ መቅረጫ የተጫረ ነው። መለያ ቁጥሩ የሚመታው በርሜሉ ላይ ስለሆነ አካሉ የራሱ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ ቁጥር ማመሳከር አልረዳኝም። በርሜሉና አካሉ በሚገናኙበት ቦታ፣ ልክ መግጠማቸውን ለማሳየት በሁለቱም ላይ የሚመታውን የማስተካከያ መስመር ከሥር በአጉሊ መነጽር አየሁት፦ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ገጥሟል። በርሜሉን መፍታት አልፈልግም።

በርሜሉ በዚህ አሮጌ አካል ላይ የተጠመደው በ1938 ፋብሪካው ውስጥ ይሁን ወይስ በኋላ በእድሳቱ ጊዜ፣ ሳይፈታ የሚለይ ምልክት የትኛው ነው?