ቤቴ መብራት ሲጠፋ ጀርመን ያለው ቦት ለምን ይቆማል?

ማታ_ኮደር፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶኛል። የሰፈራችንን እድር ወርሃዊ መዋጮ የሚያስታውስ የቴሌግራም ቦት ሠርቼ ጀርመን በተከራየሁት ሰርቨር ላይ ጭኛለሁ፤ ሲስተሙ ዴቢያን 12 (ሊኑክስ)፣ ራሙ 1 ጊጋ። የማስነሳው በራሴ ስም፣ እንደ ዩዘር ሰርቪስ (በአንድ ተጠቃሚ ስም ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ላፕቶፔ በኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በማዝበት መስመር) እንደተገናኘ ሁሉ ሰላም ነው። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ግን ዋይፋዩ ይሞታል፣ ትንሽ ቆይቶ ቦቱም ይከተላል። የኛን ሰፈር መብራት ከጀርመን ጋር ምን አገናኘው?

ይባስ ብሎ «/ረን/ዩዘር/1001» ውስጥ የማስቀምጠው የከፋዮች ፋይል ከነፎልደሩ ድራሹ ይጠፋል። እሁድ ዕለት የእድሩ ጸሐፊ ዝርዝሩን ሲጠይቁኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ባለ_ፌዶራ፦
ፎልደሩን በ«ኤምኬዲር» መልሰህ ፍጠርና «ቸሞድ 777» (ለማንም ሰው ሙሉ ፈቃድ) በለው፣ ተገላገል።

የሩት_ልጅ፦
ኧረ በማርያም 777 አትበለው! 700 ሆኖ የሚፈጠረው የዲባስና የድምፅ ሶኬቶች (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው በሮች) ስላሉበት ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይገባ።

ወንድሜ፣ ቦትህን ያስቆመው መብራቱ ሳይሆን ሎግኢንዲ (ማን እንደገባና እንደወጣ የሚከታተለው የሰርቨሩ ፕሮግራም) ነው። መጀመሪያ ስትገባ ያንን ፎልደር ራም ላይ በቲኤምፒኤፍኤስ ይዘረጋልሃል፣ ሰርቪሶችህን የሚያስተዳድረውን የዩዘርህን ሲስተምዲም ያስነሳል። አምስት መስኮት ብትከፍትም ፎልደሩ አንድ ነው። የመጨረሻው ሴሽን (የገባህበት ግንኙነት) ሲዘጋ 10 ሰከንድ ይታገስና ሰርቪሶችህን አስቁሞ ፎልደሩን ይጠርጋል። «ትንሽ ቆይቶ» ያልከው ሰርቨሩ የመስመሩን መቆረጥ እስኪያውቅ ነው፤ ዋይፋዩ ሲሞት ላፕቶፕህ ተሰናብቶ አልወጣማ።

«ሱዶ ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል-ሊንገር» ብለህ የዩዘር ስምህን ጨምር፤ ሊንገር ማለት ብትወጣም ሰርቪሶችህ እንዲቀጥሉ መፍቀድ ነው። «/ቫር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሊንገር» ውስጥ በስምህ ባዶ ፋይል ታገኛለህ፤ ምልክቱ እሷው ነች። ሰርቪሱን «ኢኔብል» ካደረግከው ሰርቨሩ ሲነሳ አንተ ሳትገባም ይነሳል።

የከፋዮችን ፋይል ግን ዛሬውኑ ከዚያ አውጣ። ሊንገር ቢኖርም ሪቡት ይበላዋል። ስፋቱም ካልነካኸው የራሙ 10 በመቶ ነው፣ ላንተ 100 ሜጋ ገደማ። ሶኬትና ሎክ ፋይል ይቀመጥበታል እንጂ የእድር ሒሳብ? ሆምህ ውስጥ «.ሎካል/ሼር» አለልህ።

ማታ_ኮደር፦
ሊንገሩን አበራሁት። ከሁሉም መስኮት ወጥቼ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከስልኬ ብጠይቀው ቦቱ መለሰልኝ! እግዜር ይስጥልኝ። አንዲት ነገር፦ ከሩት (ከዋናው አስተዳዳሪ) በ«ሱ» ትእዛዝ ወደ ዩዘሬ ስዞር ሰርቪስ የማዝበት ሲስተምሲቲኤል «ፌይልድ ቱ ኮኔክት ቱ ባስ» (ከባሱ ጋር መገናኘት አልተቻለም) ይለኛል።

የሩት_ልጅ፦
እዚያ ጋ «ሱ» አዲስ ሴሽን አልከፈተልህም፤ የዚያን ፎልደር አድራሻ የሚይዘው «ኤክስዲጂ_ረንታይም_ዲር» ወደ ዩዘርህ ፎልደር አይጠቁምም፣ «ኤኮ» አድርገህ እየው። በኤስኤስኤች በቀጥታ በዩዘርህ ግባ። ለመሆኑ የጸሐፊውን ዝርዝር ከየት አመጣህ?

ማታ_ኮደር፦
የቴሌብር መልእክቶችን አንድ በአንድ እየለቀምኩ። 47 ሰው። ሁለቱ «እኔ ከፍያለሁ» ብለው እስካሁን እየተከራከሩኝ ነው።