ኤስ11 (ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል) −24 ዲቢ ያሳያል፣ የብሉቱዝ ሴንሰሬ ግን 12 ሜትር አታልፍም። ምን አጥፍቼ ነው?

ጀማሪ_በ2.4፦

ሰላም ወገን። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን ያዞረኝ ነገር ስለሆነ እዚህ ልጣለው ብዬ ነው።

በብሉቱዝ የምታወራ አንዲት ትንሽ የሙቀት ሴንሰር እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያዋን የሠራኋት አንቴናው አብሮት ባለ ዝግጁ ሞዱል ነበር። ረጅም ኮሪደር ላይ ይዣት ስሄድ 40 ሜትር ድረስ ያለ ምንም ችግር ትሠራለች። ሁለተኛዋን ላሳንሳት ብዬ ሞዱሉን ተውኩት። ቺፑን በቀጥታ ቦርዱ ላይ አደረግኩ፣ አንቴናውንም ራሴ በመዳብ ሳልኩት። ኢንቨርትድ ኤፍ የሚሉት ዓይነት ነው። ልኬቱን ከቺፑ አምራች ሰነድ ላይ እንዳለ ነው የገለበጥኩት፤ የእነሱ ቦርድ ግን ከእኔ በጣም ይሰፋል። የእኔ 45 በ25 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

3 ጊጋኸርዝ የሚደርሰው ናኖቪኤንኤ የሚባል ትንሽ የአንቴና መለኪያ አለኝ። መጀመሪያ ሳየው ሬዞናንሱ (አንቴናው የሚያስተጋባበት ፍሪኩዌንሲ) ከቦታው ሸሽቷል። ለማቺንግ፣ ማለትም አንቴናውን ከቺፑ ጋር ለማስማማት፣ አንድ ኢንዳክተርና ሁለት ካፓሲተር ጨምሬ፣ እየነቀልኩ እየተከልኩ፣ በመጨረሻ 2.44 ጊጋኸርዝ ላይ ኤስ11ዱን −24 ዲቢ አደረስኩት። እሱ ብቻ አይደለም፣ ከ2.2 እስከ 2.8 ድረስ ከ−10 በታች ነው። ሰፊ፣ የሚያምር ጎድጓዳ። ፎቶውን ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ።

ከዚያ ሳጥኗ ውስጥ ከትቼ ኮሪደሩ ላይ ብወስዳት 12 ሜትር ላይ ቀጥ። የቺፑ የመላኪያ ኃይል ከድሮው ጋር አንድ ነው፣ ሦስቴ አይቼዋለሁ። ስልኩም ያው ስልክ ነው።

እንግዲህ ምንድነው ያጠፋሁት? ደግሞ ይሄ ግድግዳው ሁሉ ሾጣጣ ስፖንጅ የሆነ ክፍል ካልተከራየህ አንቴና በትክክል አይለካም የሚሉኝ አሉ፤ እውነት ነው?

ሽቦ_ቆራጭ፦

ሰላም። በመጀመሪያ ያን ፎቶ ከስልክህ አጥፋው :)

አንድ ሙከራ ልስጥህ። 50 ኦም ሬዚስተር ውሰድና ናኖቪኤንኤው ጫፍ ላይ በይደው። ኤስ11ዱ ከአንቴናህ የበለጠ ያምራል። ስፋቱማ አይወራ። ታዲያ ሬዚስተሩ አንቴና ሆነ ማለት ነው? የሚሰጡትን ኃይል ሁሉ ተቀብሎ ይሞቅበታል እንጂ ወደ አየር አንዲት ነገር አይለቅም። ኤስ11 የሚነግርህ ከላክኸው ኃይል ምን ያህሉ ተመልሶ እንደመጣ ብቻ ነው። −24 ማለት ግማሽ ፐርሰንት እንኳ አልተመለሰም ማለት ነው። ያልተመለሰው የት ሄደ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ አንተ የኮራህበት ነገር ነው። ያ ስፋት! በዚያች ቦርድ ላይ ያለ አንቴና 600 ሜጋኸርዝ ሙሉ ከ−10 በታች? አንቴና ሲያንስ የሚሠራበት ስፋትም አብሮ ይጠባል። ቹ የሚባል ሰው በ1948 እ.ኤ.አ. በስሌት ያሳየው ገደብ ነው። ትንሽ ሆኖ ሰፊ ከሆነብህ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ውስጥ ለውስጥ ኃይል እየበላ ነው።

ሦስት ነገር ንገረኝ። ኢንዳክተርህ ምን ዓይነት ነው? ባትሪው የት ነው ያለው? እየለካህ ገመዱን በእጅህ ጨብጥ ስታደርገው መስመሩ ይንቀሳቀሳል?

ዲቢ_ቆጣሪ፦

በአጭሩ። 40ን ለ12 ስታካፍል 3.3 ነው። ባዶ ቦታ ላይ ርቀት በሦስት ሲወርድ ወደ 10 ዲቢ ጠፍቷል ማለት ነው። ኮሪደር ባዶ ቦታ አይደለም፣ ግድግዳው ያንጸባርቃል፣ ቢሆንም ለግምት ይሆናል። 10 ዲቢ ማለት ከ10 እጅ 9ኙ ቀልጧል ማለት ነው። በጥቃቅን ስህተት አይመጣም፣ አንድ ትልቅ ሌባ ፈልግ። ወይም ሁለት መካከለኛ።

ጀማሪ_በ2.4፦

ኧረ ጉድ ነው። ሬዚስተሩን በየድኩት፣ −38። አፈርኩ።

ገመዱን ስጨብጠው ጎድጓዳው ከ2.44 ተነስቶ 2.37 ላይ ቁጭ አለ። ስለቀው ይመለሳል። እኔ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ እጄን እየሰበሰብኩ ነበር የምለካው!

ኢንዳክተሩ ሳጥኔ ውስጥ ያገኘሁት ተራ ነገር ነው፣ ዓይነቱን እንኳ አላውቅም። ባትሪው ጠፍጣፋ ሊቲየም ነው፣ ቦርዱ ሥር ነው የሚተኛው። አሁን ሳየው ጠርዙ ከአንቴናው 2 ሚሊሜትር ቢርቅ ነው። ስለካ ግን ባትሪው አልነበረም።

ማነው_የነደፈው፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። በዚህ ዘመን ይሄ ሁሉ መከራ ለምን? ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚደረግ የማስመሰል ሙከራ) ውስጥ ቦርዱን፣ ባትሪውን፣ ሳጥኑን ጨምሮ ማሽኑ ራሱ ቅርጹን ይፈልግ። ናሳ በ2006 እ.ኤ.አ. ኤስቲ5 በሚባሉት ሦስት ትንንሽ ሳተላይቶች ላይ ያመጠቀው አንቴና በኮምፒውተር "ተዳቅሎ" የወጣ ነው። መነሻ ቅርጾችን ይሰጡታል፣ ደህናውን እያስቀረ ደካማውን እየጣለ ትውልድ በትውልድ ያሻሽላል። የወጣው ነገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ልጅ ያጣመመው የወረቀት መያዣ ሽቦ። ሰው በጤናው እንዲህ ያለ አንቴና አይነድፍም። ግን ሠራ።

ሽቦ_ቆራጭ፦

ልክ ነህ፣ ቆንጆ ሥራ ነው። ያን አንቴና ግን ኮምፒውተሩ አወጣው ብለው ዝም ብለው አላመጠቁትም፣ ሠርተው ለክተው ነው። የዚህ ልጅ ችግር ደግሞ ቅርጹ አይደለም። ሲሙሌሽኑ የምትነግረውን ነው የሚያምነው። ባትሪውን መንገር ከረሳህ ባትሪ የሌለበት ዓለም ውስጥ ምርጥ አንቴና ይሰጥሃል።

ወደ ጉዳያችን። ገመዱን ስትጨብጥ መስመሩ ከሸሸ፣ ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኗል። ይሄ ዓይነት አንቴና ግማሽ አካሉ ግራውንዱ፣ ማለትም የቦርዱ የመዳብ ንጣፍ ነው። ሰነዱ ላይ ሰፊ ግራውንድ ነበረው፣ አንተ ቆረጥክበት፤ ሲጎድለው የመለኪያህን ገመድ ሽፋን ተበደረ። ማቺንግህን ያስተካከልከው ለዚያ ገመድ ለተጨመረበት አንቴና ነው። ገመዱን ነቅለህ ሳጥን ውስጥ ስትከታት ሌላ አንቴና ሆነች።

መፍትሔው፣ ገመዱን በቦርዱ ረጅም ጎን መሃል ላይ አውጣው። ከዚያ 3 ሴንቲሜትር የምትሆን የናስ ቱቦ ገመዱ ላይ አልብስ። ከአንቴናው የራቀው ጫፏ ከገመዱ ሽፋን ጋር ይበየድ፣ ወደ አንቴናው ያለው ጫፏ ክፍት ይሁን። ርዝመቷ የሞገዱ ሩብ ነው፣ በውጭ በኩል የሚያመልጠውን ከረንት ታግደዋለች። እንደገና ጨብጠው፤ ካልተንቀሳቀሰ ያኔ እያወራን ያለነው ስለ አንቴናው ነው። ደግሞ ባትሪውን በቦታው አድርገህ ለካ እንጂ!

የስፖንጁ_ክፍል፦

እኔ የምውለው እዚያው ስፖንጅ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ስለሱ ልመልስ።

ለአንተ ሥራ አያስፈልግህም፣ ገና ነው። ክፍሉ የሚጠቅመው ነጸብራቅ ስለሌለው ነው። ሾጣጣዎቹ ካርቦን የጠጣ ስፖንጅ ናቸው፣ ሞገዱ እየገባባቸው ይሟሟል፣ የገደል ማሚቶ የለም። ሁለተኛው ጉዳይ ርቀት ነው። ሞገዱ አንቴናው ጋ ሲደርስ እንደ ጠፍጣፋ እንዲቆጠር፣ የዕቃውን ትልቁን ስፋት በራሱ አባዛው፣ በ2 አባዛው፣ ለሞገዱ ርዝመት አካፍለው። ያንተዋ ዕቃ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ናት፣ ሞገዱ 12.5 ሴንቲሜትር ነው፣ ስለዚህ 1 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ካርቶን ላይ ብታስቀምጣት ከድሮዋ ጋር ማነጻጸር ትችላለህ። በራሷ ባትሪ ትሥራ፣ ምንም ገመድ እንዳይነካት። እያዞርክ የስልኩን የሲግናል ንባብ መዝግብና አማካዩን ውሰድ።

የክፍሉ መከራ ያለው ሌላ ቦታ ነው። 28 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠሩት የ5ጂ አንቴናዎች ሞገዳቸው 1 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በርካታ አንቴና ከቺፑ ጋር አንድ ላይ ታሽጎ ይመጣል። ገመድ የምትሰካበት ቀዳዳ የለም! ስለዚህ መላው ስልክ በአየር ነው የሚፈተነው። 15 ሴንቲሜትር የሆነ ዕቃ በዚያ ፍሪኩዌንሲ በቅድሙ ስሌት ከ4 ሜትር በላይ ርቀት ይፈልጋል። ክፍሉ ትልቅ፣ ሲግናሉ ደካማ። በዚህ ምክንያት የተጠማዘዘ መስተዋት የመሰለ ትልቅ ሪፍሌክተር ያስገባሉ። ሞገዱን አጠፍ አድርጎ ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ረጅሙ ርቀት አጭር ክፍል ውስጥ ይገባል። ቅርብ ሆነህ ለክተህ ሩቁን በሂሳብ የምታወጣበት መንገድም አለ፤ እሱ ግን የሞገዱን ፌዝም (ሞገዱ በዑደቱ የት ላይ እንደደረሰ) ይፈልጋል፣ ገመድ የሌለው ስልክ ደግሞ ፌዙን በቀላሉ አይሰጥህም። በዚያ ላይ ጨረሩ በየአቅጣጫው ይዞራል፣ እያንዳንዱን አቅጣጫ ለብቻው መለካት አለብህ። ቀኑን ሙሉ የጠረጴዛዋን መሽከርከር ስታይ መዋል ነው፣ እንቅልፍ ያመጣል።

አሁን ለአንተ የሚሆነው፣ በነጻ የሚሠራ ነገር። ዊለር የሚባል መሐንዲስ በ1959 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዘዴ ነው። አንቴናውን ከእነ ቦርዱ በብረት ሳጥን ክደነው። ኃይሉ መውጫ ያጣል። ጤነኛ አንቴና ሁሉንም ይመልስልሃል፣ ኤስ11 ወደ ዜሮ ይወጣል። ተከድኖም ዝቅ ብሎ ከቀረ፣ ኃይሉ እዚያው ውስጥ እየተበላ ነው። የሳጥኑን መጠን ግን ተጠንቀቅ። ጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ራሱ 2.1 ጊጋኸርዝ ገደማ ላይ ያስተጋባል፣ ያታልልሃል። 6 ሴንቲሜትር አድርገው፣ ያኔ ማስተጋባቱ ከ3.5 በላይ ይሄድልሃል። የሳጥኑ ጠርዝ ከገመዱ ሽፋን ጋር በደንብ ይነካካ።

ጀማሪ_በ2.4፦

ወንድሜ ስፖንጁ፣ እግዜር ይስጥህ! ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።

የስፖንጁ_ክፍል፦

አንቺ በል እንጂ :)

ጀማሪ_በ2.4፦

ይቅርታ እህቴ!! ሦስት ቀን ጠፋሁ፣ ውጤቱ ይኸውላችሁ።

ገላጣ ቦታ 1 ሜትር ላይ አሮጌዋ በአማካይ −58፣ አዲሷ −67። 9 ዲቢ። ዲቢ_ቆጣሪ ጠንቋይ ነው።

ከመዳብ ሉህ 6 ሴንቲሜትር ሳጥን ሠርቼ ከደንኩባት። ወደ ዜሮ ይወጣል ያልሽው መስመር −9 ላይ ተገትሮ ቀረ። ማለትም አብዛኛው ኃይል ቦርዱ ላይ እየቀለጠ ነበር። ኢንዳክተሩን ነቅዬ በሽቦ የተጠመጠመ፣ ጥራቱ የተሻለ አደረግኩ። ባትሪውን ወደ ሌላኛው ጫፍ ወሰድኩት፣ አሁን ከአንቴናው 14 ሚሊሜትር ይርቃል። የናሷን ቱቦ አልብሼ ማቺንጉን ከዜሮ ጀመርኩ። ገመዱን ብጨብጠው አሁን ንቅንቅ አይልም።

አሁን ኤስ11ዴ ከ−11 አይወርድም። ጠባብ፣ ቀጭን፣ ለጓደኛ የማይላክ። ስከድነው ግን −2 ድረስ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ ያለ ሳጥኗ ወሰድኳት፣ 27 ሜትር።

አንድ ነገር ቀረኝ። የፕላስቲክ ሳጥኗን ስዘጋ ሬዞናንሱ ከ2.44 ወደ 2.36 ይወርዳል፣ ርቀቱም አብሮ ወደ 20 ይወርዳል። ፕላስቲክ ሞገድ አያግድም ብዬ ነበር እኮ።

ሽቦ_ቆራጭ፦

አያግድም፣ ያዘገያል እንጂ። ፕላስቲኩ ሲጠጋው አንቴናው በኤሌክትሪክ ዓይን ይረዝማል፣ ስለዚህ ይወርዳል። ማቺንጉን አትንካ፣ መዳቡን ቁረጥ። 80 ሜጋኸርዝ ከ2.36 ወደ 3 ፐርሰንት ነው፣ ስለዚህ ከክንዱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃሃል። በአንዴ እንዳትቆርጥ! ግማሽ ሚሊሜትር በስለት አንሳ፣ ሳጥኑን ዝጋ፣ ለካ፣ ከዚያ እንደገና። የተቆረጠ መዳብ መልሶ አይበቅልም፣ እኔ ስንት ቦርድ እንደጣልኩ አትጠይቀኝ።