አርብ ከሰዓትማ ሰው ነን!

ባለጉዳይ ከቱላ፦ እዚሁ ሐዋሳ አንድ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈችው ማስታወቂያ ፎቶዋ ሲዞር አይታችኋል። «አርብ ከ11፡30 በፊት አሻራ ሳያደርግ የወጣ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ደመወዙ ይቆረጣል» ትላለች። እሰይ ነው ያልኩት። ያናደደኝ አንዷ ሠራተኛ ከሥሯ የጻፈችው ነው፤ «ኧረ ተዉን፣ አርብ ከሰዓትማ ሰው ነን!» የካርታ ጉዳይ ይዤ አርብ 9 ሰዓት ብገባ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ሻዩ ተጋምሷል፣ ወንበሩ ላይ ኮት ተንጠልጥሏል። ሰውየው የለም። አጠገቡ ያለችውን ብጠይቃት «አለ እኮ፣ ኮቱ አለ» አለችኝ። ከኮቱ ጋር ተፋጥጠን ዋልን።

ሒሳብ ክፍል፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የምናየውን ስለማታውቅ ነው። ሲስተም ይቋረጣል፣ ባለጉዳይ እኛ ላይ ይጮሃል። መብራት ይጠፋል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፣ አሁንም እኛ ላይ ይጮሃል። የፕሪንተር ቀለም ካለቀ ስንት ጊዜው፤ ከኪሳችን አውጥተን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምናሳትመው። ከዚያ አርብ ልንወጣ ስንል አለቃ በቴሌግራም «የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም ሪፖርት ሰኞ 2፡30 ጠረጴዛዬ ላይ ይገኝ» ይላል። ቅዳሜና እሑዴን ማን አሻራ አደረገልኝ?

የታቦር ልጅ፦ አንዲት ጥያቄ ብቻ። አርብ ከሰዓት ሰው ከሆናችሁ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ምንድን ናችሁ?

ፒያሳ፦ ማኅተም። ያውም ያዢው ለቅሶ የሄደ።

ሒሳብ ክፍል፦ ሳቁ ሳቁ። በመስከረም 2018 ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ አለ ተብሎ ስንት ተጨበጨበ። የእኛ ተላላኪ በዚያ ደመወዝ ነው የቤት ኪራይ የሚከፍለው። ከእሱ ላይ ነው ግማሽ ቀን የሚቆረጠው?

ባለጉዳይ ከቱላ፦ ተላላኪው መቼ ጠፋብኝ? ሲሮጥ የሚውለው እሱ ነው። የጠፋብኝ ባለኮቱ ነው፤ እሱ ደግሞ 6,000 አይደለም የሚበላው።

ካሸር ነኝ፦ የሰው ቅንጦት! እናንተ ስለ አርብ ትጣላላችሁ፣ እኛ የግል ባንክ ሠራተኞች ቅዳሜም እንገባለን። የመንግሥት ሠራተኛ ከሰኞ እስከ ሐሙስ 8፣ 8 ሰዓት፣ አርብ 7፣ ድምሩ 39። ለግል ድርጅት ሕጉ የሚፈቅደው 48 ነው። የ9 ሰዓት ልዩነት ማለት አንድ የሥራ ቀን ከነትርፉ ነው። ታዲያ በ39ኙ «ሰው ነን» ከተባለ እኛ ምን እንባል?

የታቦር ልጅ፦ እናንተማ ኤቲኤም ናችሁ። ብር የለውም እንጂ።

አቶቴ፦ የታቦር፣ ቀልድህ ጥሩ ነው፤ ግን አንተ ራስህ የት ነው የምትሠራው? በሥራ ሰዓት እዚህ ስትጽፍ ነው የማይህ።

የታቦር ልጅ፦ እኔ የግሌን ነው የምሠራው። ማስታወቂያ የሚለጥፍብኝ የለም።

የመናኸሪያው፦ እኔ የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። አርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያለችው ሰዓት ለጁምዓ ሶላት የተተወች ናት። እኔ ሰግጄ፣ በባጃጅ ተጋፍቼ፣ 7፡30 ወንበሬ ላይ ነኝ። ብቻዬን! የማይሰግዱት ናቸው 9 ሰዓት የሚመለሱት። የኛን ሶላት ምሳ አደረጉት፣ ምሳውን ደግሞ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ቤት ወሰዱት። ባለጉዳይ ሲመጣ የሚሰደበው ግን ያለው ሰው ነው። «እናንተ አርብ አትሠሩም» ይለኛል፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ!

ሒሳብ ክፍል፦ ይሄ እውነት ነው ወንድሜ፣ አልክድም። እኔ ግን የምወጣው 11 ሰዓት ነው እንጂ በምሳ አልቀርም።

ፒያሳ፦ ቆይ ቆይ። አርብ? አሞራ ገደል? ጾም አይደል እንዴ? ይኼን ያህል ሰው በጾም ዓሣ ሲበላ ነው የሚውለው?

አቶቴ፦ ዓሣ ጾም ነው፣ ጀመርክ ደግሞ።

ፒያሳ፦ ማን ነው ጾም ነው ያለህ? ደም ያለው ሁሉ አይበላም። ንስሓ አባትህን ጠይቅ።

አቶቴ፦ እናቴ በሑዳዴ ዓሣ ወጥ ሠርታ ነው ያሳደገችኝ። ከእናቴና ከአንተ ማንን ልመን? ደግሞ በዓለ ሃምሳ ሲሆንስ ምን ልትል ነው? ያኔ አርብም ይበላል።

ፒያሳ፦ በዓለ ሃምሳ ሲደርስ እንነጋገራለን። እናትህን አከብራለሁ።

የታቦር ልጅ፦ የሐዋሳ ልጅ ነን ትላላችሁ፣ ዓሣ መብያውን አታውቁም። ጀልባው የሚገባው በጠዋት ነው። ለብለቡም ሾርባውም ያኔ ነው የሚጥመው። ከሰዓት የሚቀረው የአባ ኮዳ ድርሻ ነው፤ በምሳ ሰዓት ከቢሮ ጠፍተው የሚሄዱት ከወፉ ጋር ሊሻሙ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኛ በሠራንበት ዘመን የፊርማ መዝገብ ነበረ። ሰዓቱ ሲሞላ አለቃው ቀይ መስመር ያሰምርበታል። ከመስመሩ በታች የፈረመ ስሙ በስብሰባ ይነበባል። አሻራ የሚሉት አዲስ ነገር አይደለም፤ ያኔ ግን አለቃውም እዚያው መዝገብ ላይ ይፈርም ነበር።

ሒሳብ ክፍል፦ ጋሼ ይባረኩ! ነገሩን እርስዎ ጨረሱት። ማስታወቂያዋን ደግማችሁ አንብቡ፤ «ሠራተኛ» ነው የምትለው። ኃላፊዎቹ አሻራ የለባቸውም። አርብ ጠዋት «ለመስክ» ብለው በመኪና ይወጣሉ፣ መኪናው ግን ሐይቅ ዳር ቆሞ ሰው ሁሉ ያየዋል። ታርጋውን አልናገርም።

ባለጉዳይ ከቱላ፦ እሱ እናንተና አለቆቻችሁ የምትጨራረሱት ነው። እኔን «ሰኞ ና» ያለኝ አለቃ አይደለም። ሰኞ ስመጣ ደግሞ ጠዋቱ ስብሰባ ነው። ለእኔ የምትተርፈው ማክሰኞ ናት፤ ማክሰኞ ሲስተም የለም። እሺ፣ ሰው ናችሁ ልበል። ባለጉዳይስ ምንድን ነው? ከቱላ እዚህ ድረስ ትራንስፖርት የከፈለው ኮት ነው?

ሒሳብ ክፍል፦ ኮቷን ተዋት በቃ! አንድ ኮት አይተህ ሁላችንን ሰቀልከን።

የመናኸሪያው፦ አንድ አይደለችም እህቴ። በኛም ክፍል አለች። ግራጫ ናት፣ ባለቤቷ ሲለብሳት አይቼ አላውቅም።

አዋጅ አንባቢ፦ ካሸር፣ አንተን አለፉህ እንጂ ቁም ነገሩ ያለው ያንተ ጋ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቀን ላይ ከሆነ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ነው የሚከፈለው። ይከፈልሃል?

ካሸር ነኝ፦ ቅዳሜዬ በ48ቱ ውስጥ ናት፣ አትከፈልም። ጉዱ ማምሻው ነው። በር ተዘግቶ ሒሳብ ሲቆጠር 50 ብር ከጎደለች ሁላችንም ቁጭ እንላለን። ስልክ ይጠራል፣ ልጄ «መቼ ነው የምትመጣው» ትላለች። ለትርፍ ሰዓት ብጠይቅ «አንተ የሥራ መሪ ነህ፣ አዋጁ አይመለከትህም» አሉኝ። የምመራው ሰው ግን የለም። ካልኩሌተር ነው የምመራው።

አዋጅ አንባቢ፦ በማዕረግ ስም አይሆንም። መቅጠር፣ ማሰናበት፣ መቅጣት፣ መመደብ ትችላለህ? ካልቻልክ የሥራ መሪ አይደለህም። ዝም ብለህ እንዳትቀመጥ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል።

የታቦር ልጅ፦ አሁን ክርክሩ ፍርድ ቤት ሆነ። አርብ ማታ ነው ጎበዝ! ነገ ኳስ የት ነው የምናየው?

አቶቴ፦ አንተ ኳስ በል፣ ሰው መብቱን እየጠየቀ።

ካሸር ነኝ፦ እሺ አዋጅ፣ የት ነው የማመለክተው?

አዋጅ አንባቢ፦ መጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሂድ፣ ካልሆነ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ።

ካሸር ነኝ፦ እኔ የሚፈቀድልኝ አርብ ከሰዓት ነው። ይገኛሉ?

አዋጅ አንባቢ፦ ሐሙስ አስፈቅድ።